ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፦ የ78 ቀን የሂንዲ ታይፕ ማስታወሻ

ቀን 1

የምኖረው ዴልሂ፣ ሙከርጂ ናጋር ነው። ለዶክትሬት ትምህርት ነው የመጣሁት። ሰፈሩን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከጫፍ እስከ ጫፍ የመንግሥት ሥራ ፈተና ማዘጋጃ ነው። ግድግዳው፣ አጥሩ፣ የመብራት ምሰሶው ሁሉ የአስተማሪ ፎቶ ተለጥፎበታል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እንኳ መጽሐፍ ታቅፎ የሚሄድ ወጣት አይጠፋም።

ዛሬ ማታ የአከራዬ ልጅ ላፕቶፗን ይዛ ወደ ክፍሌ ወጣች። 22 ዓመቷ ነው። "ዲዲ፣ እርስዎ በአገርዎ ታይፒስት ነበሩ አይደል?" አለችኝ። ዲዲ እኛ እትዬ እንደምንለው ነው። አዎ፣ ነበርኩ። ወደ ትምህርት ከመመለሴ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ስምንት ዓመት በጸሐፊነት ሠርቻለሁ።

ታሪኩን ነገረችኝ። ባለፈው ዓመት ኤስኤስሲ የሚባለው የፌዴራሉ መንግሥት የሠራተኞች መልማይ ኮሚሽን ለ12ኛ ክፍል ጨራሾች የሚሰጠውን ፈተና ወስዳ ነበር። በጸሐፊነትና በረዳትነት መንግሥት ቤት የሚያስቀጥረው ነው። ጽሑፉን አለፈች። ታይፑ ላይ ወደቀች።

የታይፑ መስፈርት ይህ ነው። 10 ደቂቃ ይሰጣል። በእንግሊዝኛ የመረጠ በደቂቃ 35 ቃል፣ በሂንዲ የመረጠ በደቂቃ 30 ቃል። የሂንዲው በሰዓት 9,000 የቁልፍ ምት ተብሎም ይጻፋል። አንድ ቃል በአማካይ አምስት ምት ተደርጎ ስለሚቆጠር ነው። ስለዚህ በ10 ደቂቃ 1,500 ምት ማለት ነው፤ በሰከንድ ሁለት ተኩል። ውጤቱ ከሌላው ነጥብ ጋር አይደመርም። ወይ አለፍክ፣ ወይ ወደቅክ። ሌላው ፈተና ላይ የቱንም ያህል ጥሩ ብትሠራ እዚህ ከወደቅክ አለቀ።

የስቴቶቹ ይለያያል። ማድያ ፕራዴሽ ሲፒሲቲ በሚባለው ፈተናው በሂንዲ 20 ቃል ይጠይቃል። ኡታር ፕራዴሽ ለጁኒየር ረዳት 25። የእሷ 30 ነው።

"እስቲ ታይፕ አድርጊልኝ" አልኳት። አደረገች። በደቂቃ 19 ቃል። ዓይኗ ግን ከኪቦርዱ ላይ አልተነሳም። በየቁልፉ ላይ የሂንዲ ፊደል ስቲከር ለጥፋለች።

ቀን 2

ዛሬ የአምናውን ምክንያት አገኘነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ።

አምና አንድ የታይፕ ማሰልጠኛ አምስት ወር ከፍላ ተምራለች። የተማረችው ክሩቲ ዴቭ በሚባል ፎንት ነው። ክሩቲ ዴቭ የቆየ ፎንት ነው። ኮምፒውተሩ ከጀርባ የሚያስቀምጠው የላቲን ፊደል ነው፤ ፎንቱ የሂንዲ መልክ ያለብሰዋል እንጂ። ፎንቱን ስትቀይረው ጽሑፉ ትርጉም የሌለው ዝብርቅርቅ ይሆናል። በድሮዎቹ የአማርኛ ፎንቶች ደብዳቤ ጽፎ ሌላ ቢሮ ሄዶ የከፈተ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። እኔ ስንት ጊዜ ደብዳቤ ደግሜ ጽፌያለሁ።

ፈተናው ላይ ግን የቀረበላት በዩኒኮድ፣ ማለትም ለየፊደሉ የራሱን መለያ ቁጥር በሚሰጠው የዓለም ሥርዓት፣ ማንጋል በሚባለው ፎንት ነው። ስክሪኑ የኪቦርድ አቀማመጥ ምረጪ አላት። ሁለት ስም መጣ፦ ኢንስክሪፕት እና ሬሚንግተን ጌይል። ሁለቱንም ሰምታ አታውቅም። ማሰልጠኛው ያስተማራት የፎንቱን ስም ብቻ ነው። እጇ የሚያውቀው አቀማመጥ ሬሚንግተን እንደሚባል የነገራት ሰው አልነበረም። ኢንስክሪፕትን ነካች። የመጀመሪያዋን ቁልፍ ስትመታ ሌላ ፊደል ወጣ። አሥሩ ደቂቃ ቁልፍ ስትፈልግ አለቀ።

ይህ በጣም አናደደኝ። አምስት ወር ሙሉ ገንዘብ ሲቀበሉ "የትኛውን ፈተና ነው የምትወስጂው?" ብሎ የጠየቃት አንድ ሰው የለም። እናቷ አንቲ ጂ ልብስ እየሰፉ ነው ያንን የከፈሉት።

አሁን መወሰን አለብን። አንደኛው መንገድ የለመደችውን ይዛ ሬሚንግተን ጌይልን መምረጥ ነው። ሁለተኛው ኢንስክሪፕትን ከዜሮ መጀመር። ፈተናው በ78ኛው ቀን ነው።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። በሬሚንግተን 28 እና 30 የሚመታ ሰው ቢሆን ኖሮ በፍጹም አታስቀይረው እል ነበር። እሷ ግን 19 ላይ ናት፣ እሱንም እያየች። እያየ የሚመታ እጅ አቀማመጡን ገና አላወቀም። ኢንስክሪፕት ደግሞ ዊንዶውስ ባለበት ኮምፒውተር ሁሉ አለ፣ ምንም አይጫንም። ማታ ላይ ተስማማን። ኢንስክሪፕት።

ቀን 3

እኔም አብሬያት ልማር ነው። የማላውቀውን አላስተምርም። ሂንዲ ማንበብ እችላለሁ። ኢንስክሪፕትን ግን ዛሬ ነው ቁጭ ብዬ ያየሁት።

እጅግ ወደድኩት። በ1986 የሕንድ መንግሥት የኤሌክትሮኒክስ መሥሪያ ቤት ያወጣው አቀማመጥ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አናባቢው ሁሉ በግራ እጅ፣ ተነባቢው ሁሉ ማለት ይቻላል በቀኝ እጅ። መነሻው ረድፍ ላይ ግራ እጅ ኦ፣ ኤ፣ ሃላንት፣ ኢ፣ ኡ ይይዛል። ቀኝ እጅ ደግሞ ፐ፣ ረ፣ ከ፣ ተ፣ ቸ። ከሺፍት ጋር ከ ወደ ትንፋሻማው ኽ ትሄዳለች፣ ተ ወደ ትንፋሻማዋ። እህትማማቾቹ አንድ ቁልፍ ላይ ናቸው።

ሃላንት ምን እንደሆነች ልንገራችሁ። በሂንዲ ተነባቢ ፊደል ብቻዋን ስትጻፍ "አ" የምትል ድምፅ በውስጧ አለ፤ የእኛ ግዕዝ እንዳለው። ሃላንት ያንን ድምፅ ትነጥቃታለች። ሳድስ ታደርጋታለች ማለት ነው። ከዚያ ተከታይዋን ይዛ ተጣምራ ትጻፋለች። እኛ ለሳድሱ ራሱን የቻለ ፊደል አለን፤ እነሱ ምልክት።

ስቲከሮቹን ሁሉ ላጥናቸው። ሙጫው በአልኮል ነው የለቀቀው። ሲላጡ ፊቷ ላይ ፍርሃት አየሁ።

ቀን 4

ዛሬ ፍጥነት ለካን። በደቂቃ 4 ቃል። እኔ 5።

ቀን 7

በቀን ሦስት ጊዜ ሃያ ሃያ ደቂቃ እንሠራለን። ጠዋት ወደ ላይብረሪ ከመሄዷ በፊት፣ ከምሳ በኋላ፣ ማታ። አንድ ሰዓት በአንድ ቁጭታ ከመሥራት ይሻላል። ጣት ሲደክም ስህተት ይማራል፣ የተማረውን ስህተት ደግሞ አይረሳም።

እጇ ላይ ዱፓታዋን እንጥላለን። ነጠላ በሉት። እንዳታይ ነው። እኔም አዲስ አበባ ስማር አስተማሪያችን እጃችን ላይ ጨርቅ ይጥሉብን ነበር። የመጀመሪያው ሴሚስተር በጽሕፈት መኪና ነበር።

ቀን 10

እንቁጣጣሽ። ጠዋት ቡና አፈላሁ። አንቲ ጂ ሲኒውን አይተው ትንሽነቱ ገረማቸው፤ ሦስተኛውን ግን ጠጡ።

ልጅቷ እንቁጣጣሽ የሚለውን በፊደላችን ጽፌ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ኮምፒውተር ላይ ጻፍኩላት። "ቁ ስንት ናት?" አለችኝ። ለኮምፒውተሩ አንድ ናት አልኳት። የእነሱ "ኩ" ግን ሁለት ናት፦ ከ እና የኡ ምልክት። ምልክቷን ማትራ ይሏታል። ሂንዲ የሚጻፍበት ፊደል፣ ዴቫናጋሪ፣ ዩኒኮድ በ1991 ሲጀመር ጀምሮ ነበረ። የእኛ ፊደል በ1999 ገባ፤ እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው። ብዙ የቆየሁበት ነገር ስለሆነ ማብራራቱ ደስ አለኝ።

ፍጥነት፦ 8።

ቀን 13

ሴፕቴምበር 14። ዛሬ የሂንዲ ቀን ነው። በ1949 በዚህ ቀን የሕገ መንግሥት ጉባኤው ሂንዲን በዴቫናጋሪ ፊደል የኅብረቱ የሥራ ቋንቋ አድርጎ ተቀብሏል። መሥሪያ ቤቶች የጽሑፍ ውድድር ያደርጋሉ፣ ባነር ይሰቅላሉ።

እሷ ግን እንደ እኩዮቿ ሁሉ ስልኳ ላይ ሂንዲን በላቲን ፊደል ነው የምትጽፈው። ያደገችው ቢሃር በሚባለው ስቴት በሂንዲ ተምራ፣ ቤት የአካባቢውን ቋንቋ፣ ማይቲሊን፣ እየተናገረች ነው። ለፈተናው ሂንዲን የመረጠችውም እንግሊዝኛ ስለሚከብዳት ነው። ፎርሙ ላይ አንዴ ከተሞላ በኋላ አይለወጥም።

ቀን 16

ዛሬ አንድ ቃል ላይ አርባ ደቂቃ ቆየን። ካርያላይ። መሥሪያ ቤት ማለት ነው። የፈተና ጽሑፎች ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል።

ስምንት ምት ነው። ቁልፎቹን የምጠራቸው በእንግሊዝኛ ስማቸው ነው። ኬ ላይ ከ። ኢ ላይ የአ ማትራ። ጄ ላይ ረ። ዲ ላይ ሃላንት። ስላሽ ላይ የ። እንደገና ኢ። ኤን ላይ ለ። እንደገና ስላሽ። እጅ ሲሄድ ተመልከቱ፦ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ቀኝ። የግራው ሥራ በሙሉ የአንድ ጣት ነው፤ የመሃል ጣት። በኢ እና በዲ መካከል ወደ ላይ ወደ ታች ይላል፣ ሌላው ጣት አይንቀሳቀስም።

በክሩቲ ዴቭ ይኸው ቃል ሌላ ነገር ነው። ስትጻፍ ረ በ"ያ" ራስ ላይ እንደ ትንሽ ቆብ ትቀመጣለች። የጽሕፈት መኪናው መልክን እንጂ ድምፅን ስለማያውቅ፣ "ያ" ተጽፎ ካለቀ በኋላ ነው ቆቧ የምትመታው። አፍ "ካር-ያ" ይላል፤ እጅ "ካ-ያ-ር" ይመታል። በኢንስክሪፕት ግን እንደምትለው ትመታለህ። ቆቡን ኮምፒውተሩ ራሱ ያስቀምጠዋል።

"በአፍሽ እያልሽው ምቺ" አልኳት። ካ። ር። ያ። ላ። ይ። ከመቶ ጊዜ በላይ መታችው። መጨረሻ ላይ ድምፁ እንደ ከበሮ ሆነ። እናቷ ከታች "ምንድነው የሚደልቀው?" ብለው ተጣሩ።

ቀን 19

ፍጥነት፦ 12። ስህተት ግን ብዙ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የስህተት ደብተር ይዘናል። የተሳሳተውን ቃል፣ ከጎኑ ትክክለኛውን፣ ከጎኑ የትኛው ጣት እንደሆነ።

ቀን 23

ደብተሩ ተናገረ። አራት ቀን ውስጥ ከመዘገብነው ስህተት ግማሽ የሚሆነው አንድ ዓይነት ነው። አጭሯ "ኢ"።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጭሯ የኢ ማትራ ስትጻፍ ከፊደሉ በስተግራ ነው የምትቆመው። ድምፅዋ ግን ከፊደሉ በኋላ ነው። በክሩቲ ዴቭ መልኩን ስለምትከተል መጀመሪያ ማትራዋን፣ ከዚያ ፊደሉን ትመታለህ። በኢንስክሪፕት መጀመሪያ ፊደሉ፣ ከዚያ ማትራዋ። ይህ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። የሚያስቸግረው በሁለቱም አቀማመጥ ማትራዋ ያለችው አንድ ቁልፍ ላይ፣ ኤፍ ላይ መሆኗ ነው። ጣቷ ቤቷን ያውቃታል፣ ተራዋን ግን ይስታል።

ከቲን የሚለውን ቃል ውሰዱ። ከባድ ማለት ነው። ማትራዋን ቀድማ ስትመታት ፊተኛው ፊደል ላይ ትለጠፍና "ኪተን" ይሆናል። ቃል አይደለም። ቃሉ መጀመሪያ ላይ ከሆነ ደግሞ ባለነጥብ ክብ ይመጣል፤ ኮምፒውተሩ "ተሸካሚ የላትም" ማለቱ ነው። ባለነጥቡን ክብ ስታይ ታርመዋለች። "ኪተን"ን ግን አታየውም፣ ጽሑፉ ደህና መስሎ ያልፋል።

ቀን 26

መስቀል። እኔ በጣም ናፈቀኝ አገሬ። ሥራው አልቀረም።

ለአጭሯ ኢ የተለየ ልምምድ አዘጋጀሁ። ማትራዋ ያለችባቸው ስልሳ ቃላት። ፍጥነት የለም። ስልኬ ላይ በሰከንድ አንድ የሚመታ ሜትሮኖም አለ፤ በእሱ ልክ ብቻ። ፊደል፣ ማትራ። ፊደል፣ ማትራ። ከስህተት ነፃ ሆኖ እስኪያልቅ ከአንደኛው ቃል እንደገና ይጀመራል።

ሦስት ጊዜ ከሃምሳ በኋላ ስታ ተመልሳለች። አራተኛው ላይ ዓይኗ እንባ ሞላ። "ዲዲ፣ ነገ ልጨርሰው" አለች። እሺ አልኳት።

ቀን 27

ጠዋት በመጀመሪያው ሙከራ ስልሳውንም ጨረሰች።

ቀን 31

ሌላው የስህተት ምንጭ ሦስቱ "ሰ" ናቸው። ሂንዲ አንድ ሰ አለው፣ ሁለት ዓይነት ሸ አለው። ሰ በኤም ላይ፣ አንደኛዋ ሸ በሺፍትና በኤም፣ ሁለተኛዋ በሺፍትና በኮማ። እሷ ሰፈር ሰዉ ሸን ሰ እያለ ያወራል። ስለዚህ ጆሮዋ አይረዳትም። "በአፍሽ እያልሽ ምቺ" ያልኩት ምክር እዚህ ላይ አይሠራም።

እኛ ሰ እና ሠን፣ ሀ፣ ሐ እና ኀን እንዴት ነው የለየነው? በጆሮ አይደለም። በዓይን ነው፣ ደጋግሞ በማንበብ። ሠራተኛን በንጉሡ ሠ ሺህ ጊዜ ስላየነው ነው። ስለዚህ ዝርዝር አወጣን። ራሽትሪይ፣ ሺክሻ፣ ቪሼሽ። በእጅ ጽፋ መስተዋቷ ላይ ለጠፈችው። ራሽትሪይ ብሔራዊ ማለት ነው፤ ውስጡ ሁለት ሃላንት ተከታትለው አሉ። የግራ መሃል ጣት እዚያ ላይ ይፈተናል።

ፍጥነት፦ 16።

ቀን 34

17።

ቀን 38

17።

ቀን 42

17። ስምንት ቀን አልተነቃነቀም። እሷ መጨነቅ ጀምራለች። ጓደኞቿ ቴሌግራም ላይ ሠላሳ አምስት መታን እያሉ የስክሪን ፎቶ ይለጥፋሉ። ግሩፑን እስከ ፈተናው ድረስ ዝም እንድታሰኘው ነገርኳት።

ማታ ከኋላዋ ቆሜ ዓይኗን ብቻ ተመለከትኩ። እጇን አይደለም። ምክንያቱ እዚያ ነበር። አንድ ቃል ታነባለች፣ ትመታለች፣ ከዚያ የመታችውን ለማረጋገጥ ወደ ራሷ ጽሑፍ ትመለከታለች፣ ከዚያ ወደ ምንጩ ተመልሳ የት እንደነበረች ትፈልጋለች። በየቃሉ። ጣቷ አልዘገየም። ዓይኗ ነው መንገድ የሚመላለሰው።

ስክሪኗ ላይ የምትጽፍበትን ክፍል በወረቀት ሸፈንኩት።

ቀን 43

ሳታይ መጻፍ አስፈራት። ግን 19። ስህተቱ አልጨመረም! ጣቷ ሲሳሳት ራሱ ይሰማዋል። "ይህችኛዋ ልክ አልነበረችም" ትለኛለች፣ ወረቀቱን ስናነሳ እውነቷን ነው።

ቀን 48

ዛሬ ወደ ቲስ ሃዛሪ ፍርድ ቤት ይዣት ሄድኩ። ሥራ ሲሠራ እንድታይ ነው። ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ ታይፒስቶች ጠረጴዛ ዘርግተው ይቀመጣሉ። ማመልከቻ፣ ቃለ መሐላ፣ የኪራይ ውል ይጽፋሉ። የእኛ ፍርድ ቤቶች ደጃፍ ላይ እንደሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች።

አንድ ሽማግሌ ጋ ቆምን። የሚጽፉት በሬሚንግተን ነው። ደንበኛው ጉዳዩን እያወራ፣ እሳቸው እያዳመጡ፣ የሰውዬውን ወሬ ወደ ፍርድ ቤት ቋንቋ እየለወጡ ይመታሉ። ዓይናቸው ደንበኛው ፊት ላይ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ቁልፉ አላዩም። አንጓቸው ጠረጴዛው ላይ አይተኛም፣ ጣታቸው ከቁልፉ ብዙ አይርቅም።

ልጅቷ ስለ ፈተናዋ ነገረቻቸው። እጅሽን አሳዪኝ አሏት። አየር ላይ እንደምትመታ ሆና አሳየቻቸው። "ትመቺዋለሽ ልጄ፤ ንኪው እንጂ" አሏት። ሻይ አዘዙልን። እንክፈል ብንል እምቢ አሉ።

በመንገድ ላይ ስለ ጽሕፈት መኪና ሳወራላት ነበር። ሕንድ የራሷን ማምረት የጀመረችው ጎድሬጅ በሚባለው ኩባንያ፣ በ1955 በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እኛ ዘንድ ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ብለው የደከሙት በ1920ዎቹ በእኛ አቆጣጠር ነው። ሁለታችንም አገር የነበረው ችግር አንድ ነው። ቁልፉ ጥቂት፣ ፊደሉ ብዙ። ስለዚህ ፊደሉ ተቆራርጦ፣ ቅጥያው ለብቻ ተደርጎ ይገጣጠም ነበር። ክሩቲ ዴቭ ላይ ማትራዋ ለምን እንደምትቀድም ያን ጊዜ ነው በደንብ የገባት። ክፋት አልነበረም፤ መኪናው ወረቀቱን ወደ ግራ እየገፋ ስለሚሄድ ነው። በስተግራ የምትቆመው ቀድማ መመታት አለባት።

ቀን 50

ሁለተኛ እጅ ቲቪኤስ ጎልድ ኪቦርድ ገዛን። እዚህ የታይፕ ተማሪ ሁሉ የሚፈልገው ነው። ቁልፉ ጠልቆ ይወርዳል፣ ሲመታ ይጮኻል። ከላፕቶፕ ኪቦርድ ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። የፈተና ማዕከል ያለው ኪቦርድ የላፕቶፕ ስላልሆነ በላፕቶፕ ብቻ የተለማመደ እጅ እዚያ ሲደርስ ይደናገጣል። ቀደም ብለን መግዛት ነበረብን። ይህ የእኔ ጥፋት ነው።

መጀመሪያ ቀን ፍጥነቷ ከ22 ወደ 18 ወረደ።

ቀን 54

24። የሽማግሌው "ንኪው" ሠርቷል። ቁልፉን እስከ ወለሉ መግፋት ትታለች።

አሁን የምንጽፈው የጋዜጣ ርእሰ አንቀጽና የሕገ መንግሥቱን መግቢያ ነው። መግቢያው እጅግ ጥሩ መለማመጃ ነው፤ ረጃጅም የሳንስክሪት ቃል ሞልቶበታል። ፓንትኒርፔክሽ የሚለውን ስትደርስ "ክሽ" በሺፍትና በ7 በአንድ ምት እንደምትወጣ ዛሬ አሳየኋት። ከ፣ ሃላንት፣ ሸ እያለች ሦስት ጊዜ ትመታት ነበር። "ትር" በ6፣ "ግያ" የምትባለዋ በ5፣ "ሽር" በ8። አራቱን በአንድ ምሽት ያዘቻቸው።

ቀን 60

ዲዋሊ፣ የሂንዱዎች የብርሃን በዓል። ቤቱ በመብራት ተከቧል። ርችቱ ሌሊቱን ሙሉ አላቆመም። ዛሬ ታይፕ የለም አልኳት። አንቲ ጂ ጣፋጭ በሳህን ይዘው ወደ ክፍሌ ወጡ፣ ግንባሬን ቀቡኝ። "እንደ ልጄ ነሽ" አሉኝ። ለሁለታችንም አዲስ ልብስ ሰፍተውልናል።

ቀን 63

ከዲዋሊ በኋላ ዴልሂ ጭስ ውስጥ ገብታለች። ጉሮሮ ይከረክራል፣ ዓይን ያቃጥላል። መስኮት ዘግተን ነው የምንሠራው።

የ10 ደቂቃ ሙሉ ሙከራ በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር። አሁን በየቀኑ አንድ። ለምን እንዳዘገየሁት ትጠይቀኛለች። 10 ደቂቃ ረጅም ነው። ጣት ገና ሳይጸዳ 10 ደቂቃ መሮጥ ቆሻሻውን ማጠንከር ነው።

27። ከስምንተኛው ደቂቃ በኋላ ትወርዳለች። ግራ መሃል ጣቷ ይደክማል። ብዙ ሥራ ያለበት እሱ ስለሆነ አይገርምም።

ቀን 67

የዴቫናጋሪውን አራት ነጥብ፣ ቀጥ ያለችውን መስመር፣ ትረሳለች። በሺፍትና በነጥብ ነው የምትወጣው። ስትቸኩል ሺፍቱን ትለቀውና የእንግሊዝኛ ነጥብ ይወጣል። በየአረፍተ ነገሩ አንድ ስህተት። እኔም አማርኛ ስጀምር በአራት ነጥብ ፋንታ ሁለት ነጥብ እያደረግሁ ስንት ደብዳቤ ተመልሶብኛል። ሃያ አጫጭር አረፍተ ነገር፣ ሁሉም በመስመር የሚያልቁ። አንድ ምሽት በቃው።

29።

ቀን 70

31 ቃል። 10 ደቂቃ ሙሉ። ኪቦርዱን ትታ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። ከታች የእናቷን ድምፅ ሰማሁ። ስህተቱ ገና ብዙ ነው፤ ቢሆንም ዛሬ አልነገርኳትም።

ቀን 71

ዛሬ ነገርኳት። ከመቶ ቃል ሰባቱ የተሳሳተ ነው። ስለዚህ ሦስት ቀን በ27 ፍጥነት ብቻ እንድትሄድ፣ ስህተት ግን ከሁለት እንዳይበልጥ። ማዝገሙ ከበዳት። ፈጥነህ የቻልከውን ነገር ቀስ ብለህ ሥራ ሲሉህ ያማል።

ቀን 75

32፣ ስህተት ከመቶ ሦስት። ሦስት ቀን በተከታታይ። በዚህ ላይ የምጨምርላት ነገር የለኝም።

የእኔ 23 ነው። እስከዚህ ያድርሰኝ።

ቀን 77

ዛሬ ልምምድ አሥር ደቂቃ ብቻ። የመግቢያ ወረቀቷን፣ መታወቂያዋን፣ ፎቶዋን አዘጋጀን። አንድ ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፌ ሰጠኋት፦ ኢንስክሪፕት። ይዛው አትገባም፤ በር ላይ ጣይው አልኳት። ለማንኛውም እያነበበችው ትሂድ።

ቀን 78

ጠዋት ጭጋግና ጭሱ ተደባልቆ ማዶ ያለው ፎቅ አይታይም። ሜትሮ ድረስ ሸኘኋት። ታይፑ በዚያው ቀን በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ነው፤ ጽሑፉን ጨርሳ ደክሟት ነው የምትቀመጠው። ማስክ አድርጋለች። እጇን ኪሷ ውስጥ እንድታሞቀው ነገርኳት፤ የቀዘቀዘ ጣት ይሰናከላል።

ማታ ተመለሰች። አንቲ ጂ ሩዝና ዓሣ ሠርተው ነበር፣ የቢሃሩን በሰናፍጭ የሚሠራውን። ሳትበላ ነገረችን። ኢንስክሪፕትን መረጠች። የመጀመሪያው ቃል ላይ እጇ ተንቀጠቀጠ። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ከጎኗ ያለው ልጅ በጣም ፈጥኖ ሲመታ ሰማችና ልታዳምጠው ፈለገች፤ ተወችው። ጽሑፉ ስለ ውኃ ጥበቃ ነበር። ካርያላይ ሁለት ጊዜ መጣ። ሰዓቱ ሳያልቅ ጽሑፉን ጨረሰች።

"ስንት ስህተት ያለሽ ይመስልሻል?" አልኳት።

ቆጠረች። በጣቷ የተሰማትን። አሥራ አንድ አለች።

ቀን 80

ውጤቱ ገና ነው፤ ወራት ይወስዳል። የዴልሂው መልማይ ቦርድ ለጁኒየር ረዳት የሚጠይቀውም በሂንዲ 30 ቃል ስለሆነ እጇ እንዳይቀዘቅዝ በቀን ሃያ ደቂቃ ትቀጥላለች። ከታች ሱቅ ያለው ጎረቤታችን ልጅም ሊለማመድ ይፈልጋል፤ ዛሬ ማታ መጥቶ ነበር። እሷ ናት ያስቀመጠችው። ላፕቶፑን ሳትከፍት የየትኛውን ፈተና ፎርም እንደሞላ ጠየቀችው። ከዚያ ዱፓታዋን አውልቃ እጁ ላይ ጣለችበት።